ሩቅ ጋላክሲዎችን በሁለት ሚዛን

በመስቀል ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ደብረ ብርሃን ላይ ደጅ ወጥቶ ያንጋጠጠ ሰው፣ ደመናው ከተገፈፈለት፣ ፔጋሰስ የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ ከአናቱ አጠገብ ያገኘዋል። በዚያው አቅጣጫ፣ ዓይን በማይደርስበት ርቀት፣ «የአይንስታይን መስቀል» አለ። መሃል ላይ አንድ ጋላክሲ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አራት የብርሃን ነጥቦች በመስቀል ቅርጽ ከበውታል። ነጥቦቹ ግን አራት አካላት አይደሉም፤ ከጋላክሲው ኋላ 8 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ የአንድ ኳዛር፣ ማለትም የአንድ እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት፣ አራት ምስሎች ናቸው። ጋላክሲው ራሱ የሚርቀን 400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ከኳዛሩ የተነሣው ብርሃን በጋላክሲው አጠገብ ሲያልፍ በስበት ይታጠፍና በአራት መንገድ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ጆን ሁክራና ባልደረቦቹ ይህን ያገኙት በ1985 ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከበዓላችን ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ስለ ደመራ የሰሙ አይመስለኝም።

እንዲህ ያለው እይታ ለውበቱ ብቻ አይፈለግም። ሄደን የማንደርስበትን ጋላክሲ እንዴት እንመዝነው ለሚለው የቆየ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች አንዱ እሱ ነው። የጋላክሲው ድምቀት የሚነግረን ስለሚያበሩት ከዋክብት ብቻ ነው፤ አብዛኛው ቁስ ደግሞ አያበራም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሁለት ሚዛን ይዘዋል። አንዱ የብርሃን መታጠፍ፣ ሌላው በጋላክሲው ውስጥ ያሉት ከዋክብት ፍጥነት ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት የወጡትን ሥራዎች ሳስተያይ ጠንካራው እውቀት የተገኘው ሁለቱ ሚዛኖች አንድ ላይ በተቀመጡበት ቦታ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለየብቻ ሲሠሩ ሁለቱም ያታልላሉ።

የመጀመሪያው ሚዛን ታሪክ ከአፍሪካ ይነሣል። ግንቦት 21 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መሆኑ ነው፣ እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት ሆኖ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶግራፍ አነሣ። ሌላ ቡድን ብራዚል ውስጥ ሶብራል ላይ ነበር። በፀሐይ ጠርዝ አጠገብ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን አይንስታይን እንዳለው 1.75 አርክ ሰከንድ ይታጠፋል ወይስ በኒውተን ስሌት ግማሹን ያህል? አንድ አርክ ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው። ልኬቱ ለአይንስታይን አደላ። በ1973 ግርዶሹ በሞሪታኒያ ሲያልፍ የቴክሳስ ተመራማሪዎች ሺንጌቲ በረሃ ድረስ ወርደው ሥራውን ደግመውታል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተኛ። በ1936 ሩዲ ማንድል የሚባል የቼክ መሐንዲስ አይንስታይንን ወትውቶ አንድ ኮከብ ለሌላው ኮከብ ሌንስ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አስወጣው። አይንስታይን ራሱ ግን ይህን በዓይን የማየት ተስፋ አልነበረውም። በማግስቱ ዓመት ፍሪትስ ዝዊኪ ኮከቡን ትታችሁ ጋላክሲን ፈልጉ አለ፤ ልክም ነበር። ማረጋገጫው 42 ዓመት ፈጀ። በ1979 ዋልሽ፣ ካርስዌልና ዋይማን 6 አርክ ሰከንድ ያህል ተራርቀው የቆሙ ሁለት ኳዛሮች አገኙ። የሁለቱን ስፔክትረም (ብርሃናቸው በቀለማት ተዘርዝሮ የሚታይበትን) ሲያስተያዩት አንድ ዓይነት ሆነ፤ መንታ የመሰለው ያው አንዱ ነው።

የጠጅ ብርሌ አንሥቶ በግርጌው በኩል የጧፍ ነበልባል ያየ ሰው ነገሩን በከፊል አይቶታል። ነበልባሉ ይለጠጣል፣ ይጎብጣል፣ ልክ መሃል ሲገጥም ደግሞ ወደ ቀለበትነት ይጠጋል። ብርሌው ግን ቀለማቱን በተለያየ መጠን ያጥፋቸዋል፤ ስበት ቀዩንም ሰማያዊውንም እኩል ነው የሚያጥፈው። የእነ ዋልሽ ማስረጃ የቆመውም በዚሁ ላይ ነው።

በስበት የታጠፈው ብርሃን በጋላክሲው ዙሪያ የሚሠራው ቀለበት በሰፋ ቁጥር በውስጡ ያለው ቁስ ይበዛል። የሌንሱ ጋላክሲና የኋለኛው አካል ርቀት ከታወቀ፣ በቀለበቱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ መጠነ ቁስ በጥቂት በመቶ ስህተት ተሰልቶ ይወጣል። ቁሱ ኮከብ ይሁን ጋዝ፣ ወይም ዳርክ ማተር የሚባለው ጨለማ ቁስ፣ ሌንሱ አይለይም። ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው፤ ድምሩን ይነግርሃል፣ ዝርዝሩን ይደብቅሃል። ከዚህ የከፋም አለ። በ1985 ፋልኮ፣ ጎረንስታይንና ሻፒሮ እንዳሳዩት፣ በጋላክሲው ላይ ወጥ የሆነ የቁስ ንጣፍ ብንጨምርና የራሱን የጋላክሲውን ቁስ በተመጣጣኝ ብንቀንስ የምስሎቹ ቦታና ቅርጽ ንክች አይልም። ፎቶው አንድ ሆኖ ሳለ ከበስተኋላው የሚቆሙት ጋላክሲዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሚዛን ከዋክብቱ ናቸው። ኮከብ በጋላክሲ ውስጥ የሚሮጠው በስበት ተይዞ ስለሆነ ፍጥነቱ የያዘውን ቁስ ያጋልጣል። ያው ዝዊኪ በ1933 የኮማ ክላስተርን ጋላክሲዎች ፍጥነት አይቶ የሚታየው ቁስ እንደማይበቃ ተናግሮ ነበር፤ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በ1970 የአንድሮሜዳን መሽከርከር ለክተው ካሳተሙ በኋላ ግን ጉዳዩን ችላ ማለት እያደር አስቸገረ።

ለሌንስነት የሚመቹት ከባድ ጋላክሲዎች እንደ አንድሮሜዳ በሥርዓት የሚሽከረከሩ አይደሉም። ሞላላ ናቸው፤ ከዋክብቶቻቸው እንደ ልባቸው በየአቅጣጫው ይራወጣሉ። ርቀቱ ደግሞ አንዱን ኮከብ ከሌላው ለይቶ ማየትን አይፈቅድም። ስለዚህ የሚለካው የመቶ ቢሊዮን ከዋክብት ድምር ብርሃን ነው። የአንድ ኮከብ ስፔክትረም ውስጥ የካልሲየምና የማግኒዚየም ጥቁር መስመሮች ቀጫጭን ሆነው ይታያሉ። ግማሹ ኮከብ ወደ እኛ፣ ግማሹ ከእኛ ወዲያ ሲሮጥ ግን እያንዳንዱ መስመሩን ትንሽ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቀይ ይገፋውና ድምሩ ሰፍቶና ደብዝዞ ይቀራል። በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር የብርሃን ፍጥነት አንድ ሺህኛ ነው፤ 500 ናኖ ሜትር ላይ የተቀመጠን መስመር የሚያነቃንቀው ግማሽ ናኖ ሜትር ብቻ ነው። ጋላክሲ የሚመዘነው በዚህች ግማሽ ናኖ ሜትር ነው። ለሩቆቹ ከ8 እስከ 10 ሜትር ስፋት ያለው መስታወትና የሰዓታት እይታ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ይህኛውም የራሱ ማታለያ አለው። የምንለካው ወደ እኛና ከእኛ ወዲያ ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ስለሆነ፣ ከዋክብቱ ወደ መሃል እየተወረወሩ የሚመለሱ ይሁኑ ወይም በክብ የሚዞሩ በቀላሉ አይታወቅም። የምሕዋሩን ቅርጽ በተሳሳተ ግምት የጀመረ ሰው በተሳሳተ ክብደት ይጨርሳል።

ሊዮን ኩፕማንስና ቶማሶ ትሩ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን አጣመሩ። ሌንሱ በቀለበቱ ውስጥ ያለውን ድምር ይሰጣል፤ ከዋክብቱ ከዚያ ወደ ውስጥ ጠጋ ብሎ ያለውን። በሁለት ርቀት ላይ ሁለት ክብደት ከተያዘ ቁሱ ከመሃል ወደ ዳር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሳሳ ይወጣል። ከ2006 ጀምሮ ስላክስ የተባለው ጥናት ዘዴውን በብዛት ሠራበት። ቡድኑ በስሎን የሰማይ ዳሰሳ ስፔክትረሞች ውስጥ ሁለት የተለያየ ርቀት የሚያሳዩትን እየለቀመ በሃብል ቴሌስኮፕ ፎቶ አነሣ፤ ከ80 በላይ ሌንሶችም አረጋገጠ። የቁሱ እፍጋት በአማካይ በርቀቱ 2.08ኛ ኃይል ይቀንሳል፤ ከርቀት ካሬ ጋር ልክ ነው ማለት ይቻላል። ከዋክብቱ ብቻቸውን ይህን መስመር አይከተሉም፤ ጨለማው ቁስም ብቻውን አይከተለውም። ሁለቱ ተደምረው ነው ቀጥ የሚሉት። ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ሤራ» ይሉታል። ጋላክሲዎች ሲዋሐዱ የሚሆነውን የሚያስመስሉ ስሌቶች በከፊል ያስረዱታል፤ እስከ ዛሬ ያነበብኩት ማብራሪያ ግን ሙሉ በሙሉ አላረካኝም።

ሁለቱን ሚዛን ማጣመር ሌላም በር ይከፍታል። ቀርፋፋ ኮከብ የሚሰማው የጊዜን መጉበጥ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ብርሃን ግን የጊዜንም የቦታንም መጉበጥ እኩል ይሰማል። አይንስታይን ትክክል ከሆነ ሁለቱ የሚሰጡት ክብደት አንድ መሆን አለበት። ቶማስ ኮሌትና ባልደረቦቹ በ2018 ኢኤስኦ 325-ጂ004 የሚባለውን፣ 450 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ጋላክሲ መረጡ። ቅርብ ስለሆነ የከዋክብቱ ፍጥነት ከቦታ ቦታ ተለይቶ ይለካል፤ ከኋላው ያለውም ጋላክሲ ቀለበት ሆኖ ይታያል። የተገኘው ምጥጥን 0.97 ሲሆን የስህተቱ ወሰን 0.09 ነው። ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ በጋላክሲ ስፋት የአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ እንዲህ ተፈትኖ አያውቅም ነበር። ይህን ሥራ ከስብስቡ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ለጥያቄው ግልጽነት ነው፤ አንድ ጋላክሲ፣ ሁለት ልኬት፣ አንድ ቁጥር።

በ2025 ደግሞ የሰው ሁሉ ዓይን ወደ «ኮስሚክ ሆርስሹ» ዞረ። 5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ግዙፍ ጋላክሲ ሲሆን ከኋላው ያለውን ጋላክሲ ብርሃን የፈረስ ኮቴ አስመስሎ አጉብጦታል። በመሃሉ ያሉት ከዋክብት በሰከንድ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ፍጥነታቸውና የቀለበቱ ቅርጽ አንድ ላይ ሲሰላ እምብርቱ ላይ 36 ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ጥቁር ጉድጓድ ወጣ። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ መሃል ያለው 4 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። እስከ ዛሬ እንዲህ የሩቅ ጥቁር ጉድጓዶች የተመዘኑት በአብዛኛው ቁስ ሲውጡና ሲያበሩ ነበር፤ ይህኛው ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ነው።

ሁሉም ነገር ስምም ነው ማለት አይደለም። ከባድ ሞላላ ጋላክሲዎች ውስጥ የትናንሽ ከዋክብት ድርሻ በእኛ ሰፈር ካለው ይበልጣል ወይ በሚለው ላይ የስላክስ ውጤቶች «አዎ» ብለው ነበር። ራስል ስሚዝና ጆን ሉሲ ግን ቅርብ ያሉትን ጥቂት ሌንሶች፣ ኢኤስኦ 325ን ጨምሮ፣ ሲመዝኑ ከእኛው ፍኖተ ሐሊብ የሚመሳሰል ድርሻ አገኙ። ሁለቱም ጥንቁቅ ሥራዎች ናቸው፤ ማን እንደተሳሳተ ገና አልለየም።

የጦፈው ክርክር ግን የጠፈር መስፋት ፍጥነት ላይ ያለው ነው። ኖርዌያዊው ሹር ሬፍስዳል በ1964 እንዳሰበው፣ የአንድ አካል ምስሎች በተለያየ መንገድ ስለሚመጡ አንዱ ከሌላው ዘግይቶ ይደርሳል። የ1979ኙ መንታ ኳዛር አንዱ ምስል ሲደምቅ ሌላኛው የሚደምቀው ከ417 ቀን በኋላ ነው። መዘግየቱ ከተለካና የሌንሱ ክብደት ከታወቀ የሃብል ቁጥር፣ ማለትም የጠፈር መስፋት ፍጥነት፣ ይወጣል። የፕላንክ ሳተላይት ከጥንተ ብርሃን ያሰላው ቁጥር 67.4 ነው፤ ቅርብ ባሉ ከዋክብትና ሱፐርኖቫዎች የሚለኩት 73 ይላሉ። በሌንስ የሚሠራው ኤች ዜሮ ሊካው የተባለው ቡድን በ6 ኳዛሮች 73.3 አገኘና ለሁለተኛው ወገን ታላቅ ድጋፍ መሰለ። ከዚያ እነሱው ራሳቸው በ2020 ቀደም ሲል የጠቀስኩትን የቁስ ንጣፍ ችግር በሙሉ ክብደቱ ተቀብለው ሲያሰሉ የስህተቱ ወሰን ተለጠጠ፤ የስላክስን ሌንሶች ሲጨምሩበት ደግሞ ቁጥሩ ወደ 67.4 ወረደ። የራስን ውጤት እንዲህ አደባባይ አውጥቶ መናጥ የሳይንስ ወግ ነው ቢባልም በተግባር የሚያደርገው ጥቂት ነው። በ2025 ጄምስ ዌብን ጨምሮ በትልልቅ ቴሌስኮፖች የከዋክብቱን ፍጥነት እንደገና ለክተው 72 አካባቢ ደርሰዋል፤ ወሰኑ ግን ገና 4 ገደማ ስለሆነ ለማንም አይፈርድም። ጎራዎቹን የሚለየው የከዋክብቱ ፍጥነት ልኬት ጥራት ይሆናል።

ሌንሱ ሚዛን ብቻ ሳይሆን ማጉያም ነው። ሱኔ ቶፍትና ባልደረቦቹ በ2017 በአንድ የጋላክሲ ክላስተር ስበት የጎላ፣ ከዋክብት መውለድ ያቆመ የጥንት ጋላክሲ መረመሩ። ብርሃኑ የተነሣው ከ10 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። «የሞተ» ጋላክሲ ሞላላ ሆኖ ከዋክብቱ የሚራወጡበት ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ ይህኛው በሰከንድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ዲስክ ሆነ። በ2020 ፍራንቼስካ ሪዞና ቡድኗ በአልማ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ያዩት፣ ዓለም የ1.4 ቢሊዮን ዓመት ልጅ ሳለች የነበረው ጋላክሲም ጋዙ ሰከን ብሎ ይዞር ነበር። የጥንት ጋላክሲዎች ሁሉ የተናወጡ ናቸው የሚለው መማሪያ መጽሐፍ በሁለቱም ተነክቷል።

ከዚህ ሁሉ ሰሜን ሸዋ የት አለች? ደብረ ብርሃን የሰማይ ብርሃን ስም ያወጣላት ከተማ ናት። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከተወገሩ በኋላ በሰማይ ስለታየ ብርሃን ያወራል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በ1456 ከታየው ከሃሊ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። እኔ ጉዳዩን ክፍት መተው እመርጣለሁ። ጸሐፊው የመዘገበው ተአምር ነው፤ ብርሃኑ በየትኞቹ ኮከቦች መካከል እንደቆመ አልነገረንም።

መሬቱ ግን ለሰማይ ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ የአውሮፓ ታላላቅ ቴሌስኮፖች የቆሙበት የቺሊው ፓራናል 2,635 ሜትር ነው። ኬክሮሷ 10 ዲግሪ ስለሚጠጋ ሁለቱንም ንፍቀ ሰማይ ታያለች፤ ኢኤስኦ 325ም ሆነ መንታው ኳዛር በየወቅታቸው ከአድማሷ 40 ዲግሪ በላይ ይወጣሉ። ከፍታ ብቻውን ግን አይበቃም። ፓራናል በዓመት ከ300 በላይ ጥርት ያሉ ሌሊቶች አሉት። እኛ ዘንድ ክረምቱ ሰማዩን ይዘጋዋል፤ አንኮበር ላይ ደግሞ ከቆላ የሚወጣው ጭጋግ በበጋም ድንገት ይመጣል። ጥቅምትና ኅዳር፣ ውርጩ አጥንት ሰብሮ ሲገባና የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ዋጋው ሲታወቅ፣ የኮከብ ወቅቱ ያኔ ነው። ከተማዋ በፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርክ እየሰፋች ስለሆነ መብራቷም እየበዛ ነው፤ ጨለማ የሚፈልግ ሰው ወደ መንዝ፣ ወደ ጓሳ መውጣት ይኖርበታል።

አገሪቱ ያላት መሣሪያ እንጦጦ ላይ ነው። 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ሐሳቡን ለዓመታት የገፋው በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው፤ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይዞታል። እዚያ የጋላክሲ ጥናት ወግ ይዞ እንዲያድግ ሰርቢያዊቷ ሚርያና ፖቪች ለዓመታት ደክማለች፤ በ2018 የኔቸር ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችውም በአፍሪካ በሠራችው ጭምር ነው። ከአገር ውጭ ደቡብ አፍሪካ በኖርዝ ዌስት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው አማረ አበበ የስበትን ንድፈ ሐሳብ ራሱን ከሚመረምሩት መካከል ነው። ችግሩ የታወቀ ነው፤ እንጦጦ የአዲስ አበባን መብራት ከእግሩ ሥር ይዟል። ወደ ላሊበላ አካባቢ ተራሮች የተደረገው የቦታ ጥናት የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1 ሜትር መስታወት የሩቅ ጋላክሲ ከዋክብትን ፍጥነት መለካት አይቻልም። የምስሎችን መዘግየት መለካት ግን ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ኮስሞግሬል የተባለው ቡድን ለሃብል ቁጥሩ ክርክር መነሻ የሆኑትን መዘግየቶች ከለካባቸው መሣሪያዎች ዋነኛው ቺሊ ያለው 1.2 ሜትሩ የስዊዞች ኦይለር ቴሌስኮፕ ነው። የአይንስታይንን መስቀል ድምቀት ከ1997 ጀምሮ ሲከታተል የኖረው የፖላንዶቹ ኦግል 1.3 ሜትር ነው። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ በየጥቂት ቀኑ ያንኑ ኳዛር ማየት፣ ለዓመታት። ክረምቱ መዝገቡን በየዓመቱ ይቆርጠዋልና በበጋችን የሚወጡትን መምረጥ ግድ ይላል። እንደ እኔ ግን አዲስ ትልቅ መስታወት ከመመኘት በፊት ይህ መሞከር ነበረበት።

ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ የሚቀርበው መንገድ ደግሞ ቴሌስኮፕ እንኳ አይፈልግም። የሃብልና የስሎን መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ሌንስ የሚተነትኑት ሌንስትሮኖሚና ፓይአውቶሌንስ የተባሉት ፕሮግራሞችም በነፃ ይገኛሉ። በ2023 የመጠቀው የአውሮፓ ዩክሊድ ቴሌስኮፕ በ2025 ብቻ 500 ያህል የሌንስ እጩዎችን ይፋ አድርጓል፤ ሥራውን ሲጨርስ 100,000 ይጠበቃል። እጩዎቹን ያበጠሩት ኮምፒውተሮች ብቻ አልነበሩም፤ በኢንተርኔት የተሳተፉ ከ1,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ምስል በምስል አይተዋል። ገና ፍጥነታቸው ያልተለካው ግን ብዙ ናቸው። ቺሊ ላይ ፎርሞስት የተባለው መሣሪያ የ10,000 ሌንሶችን ስፔክትረም ሊወስድ አቅዷል፤ ያን ሁሉ ቀለበትና ያን ሁሉ ደብዛዛ መስመር አንድ በአንድ አጣምሮ የሚመዝን ሰው ግን ዛሬም ጥቂት ነው።